እጅ የማይነካው ነሐስ

ከባለቤቴ ጋር ያስተዋወቀን የተሰበረ የዲሽ መቆሚያ ነው። እኔ ኮልፌ ውስጥ አንድ ቶርኖ ቤት ተቀጥሬ ብረት እቀርጻለሁ፤ ዛሬም ሥራዬ ይኸው ነው። እሱ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ኮንቴይነር ተከራይቶ ዲሽ ይተክል፣ ሪሲቨር ይጠግን ነበር። ያን ቀን ብረቱን በትከሻው ይዞ መጣና የሚሠራለት ሰው ጠየቀ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቶርኖ ቤቱ ባለቤት በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙት። ሴት ማሽን ላይ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ ይስቃል ወይ ይመክረኛል። እሱ ግን ስንጥቁን በጥፍሩ እያሳየ፣ "ንፋሱ የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው" አለኝና ዝም ብሎ ቆሞ ጠበቀ። ስጨርስ አገላብጦ አየው፤ "ይሄስ አይመለስም" ብሎ ሄደ። በሳምንቱ ምንም ያልሆነ መቆሚያ ይዞ ተመለሰ።

ከተጋባን በኋላ ከቶርኖ ቤቱ ብዙም የማይርቅ አንድ ክፍል ተከራየን። ራት ላይ የምናወራው ስለ ብረት ነበር፤ በተለይ ክረምት ሲገባ። ክረምት ላይ የሱ ስልክ እረፍት የለውም። ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይሄዳል፣ ትናንት ዘንቦ ጠፋ። ሄዶ ሲያየው አብዛኛውን ጊዜ ዲሹም አልተነቃነቀም፣ ሪሲቨሩም ደህና ነው። ጥፋቱ ኮኔክተሯ ላይ ነው።

ኮኔክተር የሚሏት የኬብሉን ጫፍ ከዲሹ ራስ ጋር የምታያይዝ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ባለ ጥርስ ብረት ናት። የዲሽ ኬብል፣ በትምህርት ቤት ስሙ ኮአክሲያል፣ መሀሉ ላይ አንድ የመዳብ ሽቦ አለው። መዳቡን ነጭ ፕላስቲክ ይከበዋል፤ ነጩን በቀጭኑ የተጠለፈ ሽቦ ያለብሰዋል፤ ከላይ ጥቁር ሽፋን አለ። መዳቡ በኮኔክተሯ መሀል አልፎ ወደ ዲሹ ራስ ይገባል፤ ጥልፉ ደግሞ የኮኔክተሯን ገላ መንካት አለበት። ሁለቱ ከተነካኩ ምስል የለም፤ ጥልፉ ከላላም የለም። ገበያ ላይ ያሉት ከለስላሳ ብረት የተሠሩ ስለሆኑ ንፋስ ኬብሉን ሲያወዛውዘው ይንሸራተታሉ። ከዚያ ውሃ ይገባል፣ ጥልፉ ይዝጋል። ባለቤቴ የላሉትን በኪሱ እያመጣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣቸዋል። "ይሄን ሰው ሠራው ይባላል?" ይለኛል። እኔም ጥርሷን በጥፍሬ ዳስሼ፣ "ጥርስ አይደለም ይሄ፣ ጭረት ነው" እለዋለሁ። እንስቃለን። ከዚያ ሳህኑን አነሳለሁ።

ባለቤቴ የወደቀው ሰፈራችን ውስጥ ባለ አንድ ግቢ ነው። የግቢው ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገበያ ላይ ልብስ የሚሸጡ እናት ናቸው። ልጆቻቸው አግብተው ስለወጡ ክፍሎቹን አከራይተዋቸዋል። እሳቸውም ተከራዮቹም የሚያዩት በአንድ ዲሽ ነበር፤ ከዲሹ ራስ የተነሱት ኬብሎች ቆርቆሮው ላይ ተጋድመው ወደየቤቱ ይገባሉ። ባለቤቴ ያን ክረምት ለዚያው ግቢ ደጋግሞ ተመላልሷል። አንዱን ሲያጠብቅ ሌላው ይላላል።

ያን ቀን ጣሪያው ላይ የወጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነበር። እሳቸው ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው በመስኮት ያወሩታል። ዲሽ ያስተከለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከጣሪያ "መጣ?" ይባላል፤ ከቤት "አልመጣም" ይመለሳል። "አሁንስ?" "ድምፅ ብቻ ነው።" ኋላ እንደነገሩኝ ምስሉ ድንገት ጥርት ብሎ መጣ። "መጣ፣ መጣ፣ በቃ እንዳትነካው" አሉት። መልስ የለም። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ሰሙ፤ ቀጥሎ ከጓሮ በኩል ከባድ ነገር ወደቀ። ወጥተው ሲያዩት የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ሰማዩን ያያል። አልጮኸም። "እናቴ፣ እግሬን ቀና ያድርጉልኝ፣ ጠምዝዞኛል" አላቸው። እግሮቹ ግን ቀጥ ብለው ነበር የተዘረጉት።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ አድርጎ አከርካሪው የተሰበረበትን ቦታ በእስክሪብቶ አሳየኝ። እኔ የማውቀው ብረት ነው። "ይበየዳል ወይ?" ብዬ ልጠይቀው ትንሽ ነው የቀረኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኔን ላለማየት ፎቶውን ደግሞ ደጋግሞ ያስተካክለዋል። ከወገብ በታች እንደማይመለስ የገባኝ ከንግግሩ ይልቅ በዚያ ነው።

ወደ ቤት ስናመጣው አልጋውን በሩ ትይዩ አደረግኩት፤ ቢያንስ ሰው ሲያልፍ እንዲያይ ብዬ። እሱ ግን በሩ እንዲዘጋ ነው የሚፈልገው። ጋሼ ማሽኑን አቁሜ በየመሀሉ ብቅ እያልኩ እንዳገላብጠው ፈቀዱልኝ። አንድ ጎኑ ላይ ከቆየ ቆዳው ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላጣል። ብረት የለመደ እጄ ከባድ ስለነበር መጀመሪያ አካባቢ እንዳላሳምመው እየተሳቀቅኩ ነበር የማገላብጠው። ታችኛው አካሉ ሕመም እንደማይሰማው ሳስታውስ ደግሞ የባሰ ይከፋኛል።

ለጠየቀው ሰው ሁሉ፣ "አዳለጠኝ" ይላል። "ቆርቆሮው እርጥብ ነበር፣ አዳለጠኝ።" የግቢዋ እናት ዓርብ ዓርብ ምግብ በሰሐን ሸፍነው ይመጣሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡና፣ "ቆርቆሮው ሳይደርቅ ባልጠራሁህ ኖሮ፣ ልጄ" ይላሉ። "እርስዎ ምን አደረጉ፣ አዳልጦኝ ነው" ይላቸዋል። ሲሄዱ ምግቡን አይነካውም። ቤታቸው ያለው ቴሌቪዥን ከዚያ ቀን ወዲህ ተከፍቶ እንደማያውቅ የነገሩኝ ደጅ ስሸኛቸው ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐዩ ከጠነከረ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ጀርባውን ሳጥበው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ "አላዳለጠኝም" አለኝ።

ፎጣውን ይዤ ቆምኩ።

"ኮኔክተሯን በጣቴ ይዤ እያጠበቅኩ ነበር። በሌላኛው እጄ የዲሹን ብረት ይዣለሁ። ኮኔክተሯን ለአፍታ ነቀልኳት፤ መልሼ ስከታት 'መጣ' ሲሉ ሰማሁ፤ ያኔ ያዘኝ።"

"ኤሌክትሪክ?"

"ኤሌክትሪክ አትበይው። እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው። ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ፣ በቃ። እጄን ስሰበስብ እግሬ የቆመበትን ለቀቀ። ትልቅ ኤሌክትሪክ ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አለ። "ሰው በጉንዳን ይሞታል?"

"አልሞትክም" አልኩትና ጀርባውን ማጠቤን ቀጠልኩ።

ከየት እንደመጣ ያስረዳኝ በማግስቱ ነው። እያንዳንዱ ሪሲቨርና ቴሌቪዥን በብረት ገላው በኩል ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያሾልካል። ቤቱ መሬት የታሰረ ቢሆን፣ ማለትም ትርፉን ወደ አፈር የሚወስድ ሽቦ ቢኖረው፣ ማንም አይሰማውም። ብዙ ግቢ ግን ያ ሽቦ የለውም። ከየክፍሉ የሾለከው በኬብሉ ጥልፍ ወጥቶ ዲሹ ራስ ላይ ይገናኛል። የአንዱ ቤት ብቻ ቢሆን ላይሰማ ይችላል፤ ሲደመሩ ይነክሳሉ።

"ታዲያ ለምን ለሴትዮዋ አትነግራቸውም?" አልኩት።

"ምን ብዬ? 'ቴሌቪዥንዎ ጣለኝ' ልበላቸው? የሳቸው ብቻ መሆኑን በምን አውቃለሁ? የተከራዮቹ ሊሆን ይችላል። የሁሉም ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ከወደቀ ጀምሮ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ "ከኮንቴይነሩ ኬብልና ኮኔክተሮቹን አምጪልኝ" አለኝ። "ጥሩ ኮኔክተር ብትሆን መጀመሪያውኑ አልወጣም ነበር። ብወጣም እጄ ብረት ባልነካ።"

እንዲህ ነው የጀመርነው። እሱ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነበር። ኬብሉን አንዴ ከያዘች የማትለቅ፣ ሰው ደግሞ ሲያጠብቃትም ሲያላላትም ጣቱ ብረት የማይነካባት ኮኔክተር። እኔ ከነሐስ ዘንግ እቀርጻለሁ፤ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ይፈትናል። የቀሩለት እጆቹ ናቸው።

የመጀመሪያዋ ከኋላዋ ስንጥቅ ያለው ቀለበት ነበራት፤ ስትጠመዘዝ ቀለበቱ ይጠብና ኬብሉን ያንቃል። ያዘች፤ ግን ከመጠን በላይ ያዘች። ነጩን ፕላስቲክ ጨፍልቃ ጥልፉን ከመዳቡ ጋር አገናኘችው። በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ስንነካት መለኪያው ጮኸ፤ ተነካክተዋል ማለት ነው። ባለቤቴ ኬብሉን በምላጭ ሰንጥቆ የተጨፈለቀውን አሳየኝ። "ጉሮሮውን ነው የያዝሽው፣ ልብሱን ያዢ" አለኝ። ለቀናት ይህችን ነገር አስቤ በነጩና በጥልፉ መካከል የምትገባ ስስ የነሐስ ቱቦ ቀረጽኩ። ጥልፉ በቱቦዋና በቀለበቱ መሀል ይጨመቃል፤ ነጩን የሚጫነው የለም። ያችን ቱቦ እስካቀናት ድረስ ስንት ዘንግ እንዳበላሸሁ ጋሼ ያውቃሉ። ግድግዳዋ ስስ ስለሆነ ማሽኑ ትንሽ ከነዘረ ትቀደዳለች። ጋሼ ሲያልፉ የተቀደደችውን አንስተው በብርሃን አይተው ይመልሷታል።

የተሳካችዋን ይዤ የገባሁ ቀን ባለቤቴ የኬብሉን አንድ ጫፍ ከአልጋው ግርጌ ብረት ጋር አሳሠረኝ። ኮኔክተሯን ሌላኛው ጫፍ ላይ ገጥሞ መያዣ እንዲሆነው ትልቅ ብሎን አሠረባትና በሁለት እጁ ጎተተ። የገበያዋ በዚህ ጊዜ ተላቅቃ በእጁ ትቀራለች። ይህችኛዋ አልለቀቀችም። ደግሞ ጎተተ። ትከሻው ከትራሱ ተነሳ፣ ቀጥሎ ጀርባው። ኬብሉ ላይ ተንጠልጥሎ ተቀመጠ። ከወደቀ ጀምሮ ያለ እኔ እጅ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ፊቱ ላይ ላብ ወረደ። ልደግፈው ስጠጋ "ተይኝ" አለ። ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ እንደዚያው ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተጋደመ።

በዚያው ሰሞን ግን መቀመጫው ላይ ከመተኛት ብዛት የወጣው ቁስል ጠለቀ። ሽታውን እኔ ከእሱ በፊት አወቅኩት። ጤና ጣቢያ ወስደን አጸዱት፣ መድኃኒት ሰጡን፣ እንዳይጋደምበት ነገሩን። እሱ ደግሞ ኮኔክተር ለመሥራት በጀርባው መሆን ይፈልጋል። አንድ ቀን በጎኑ አስተኝቼው ወጥቼ ስመለስ በክንዱ ተንፏቆ በጀርባው ተኝቶ አገኘሁት። ደረቱ ላይ ቀለበቶች በትኗል።

"ሥጋህ እየወደቀ ስለ ቀለበት ታስባለህ" አልኩት። ጮኼያለሁ መሰለኝ።

"ስለ ቁስሉ ሳስብ ምን ተሻለው?" አለኝ። "እሱን ሐኪምም አልቻለውም። ይቺን ግን እችላታለሁ።"

ልከራከረው ፈልጌ ነበር። ቀለበቶቹን ለቅሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በጎኑ አዞርኩት። ቀለበቶቹን በሚያይበት በኩል ነው ያዞርኩት።

የቀረን እጅ የሚያርፍበት ቦታ ነበር። ከውጭ የምትለብሰውን ሽፋን ኤሌክትሪክ ከማያሳልፍ የናይሎን ዘንግ ቀርጬ ነሐሱ ላይ አጠለቅኩ። እጁን ውሃ ነክሮ ሲያጠብቃት ናይሎኗ ብቻዋን ዞረች። ውስጧን ባለ ስድስት ጎን አድርጌ ነሐሱንም እንደዚያው ስቀርጸው አብረው ዞሩ። ውሃ እንዳያስገባም የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠን ከፊት ቀለበት አደረግንላት። እንደገና ክረምት ሲቃረብ በእጃችን የያዝናት ኮኔክተር ወፍራም፣ ጥቁርና አስቀያሚ ነበረች። ባለቤቴ ግን ከትራሱ ሥር አስቀምጧት ያድራል።

"የወደቅኩበት ላይ ግጠሚያት" አለኝ።

እምቢ ለማለት ያሰብኩት ጣሪያውን ፈርቼ አልነበረም። ከዚያ ግቢ ጓሮ ያለውን ድንጋይ ማየት አልፈልግም። ቢሆንም ሄድኩ። ጋሼ መሰላሉን ሊይዙልኝ አብረውኝ መጡ። የግቢዋን እናት፣ "ዲሹን ልሥራልዎ" ብቻ ነው ያልኳቸው። "ተዪው ልጄ፣ ማንስ ያየዋል" ካሉ በኋላ መልሰው፣ "ተከራዮቹ ግን ይጠይቁኛል" ብለው ፈቀዱ።

ቆርቆሮው ደረቅ ነበር። ሆዴን እያስደገፍኩ ነው የወጣሁት። ስልኬን አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ፤ ባለቤቴ ከአልጋው ሆኖ ይመራኛል። "መጀመሪያ አትንኪ። ቴስተሩን አሮጌዋ ኮኔክተር ላይ አድርጊ፣ ሌላኛውን ጫፍ ዲሹ የቆመበት ብረት ላይ።" አደረግኩ። ቁጥሩን ነገርኩት። "አለ ማለት ነው" አለ። "እስካሁን አለ።"

ጓንት አጥልቄ አሮጌዋን ፈታሁ፣ ኬብሉን ላጥኩ፣ አዲሷን ገጠምኩ። "ጓንቱን አውልቂ" አለኝ። አወለቅኩ። "አሁን ናይሎኗን ያዢና አጥብቂ።" በባዶ እጄ ያዝኳት። እስከ መጨረሻው አጠበቅኳት።

"ምን ተሰማሽ?"

"ምንም።"

"በደንብ ያዢያት።"

"ይዣታለሁ። ምንም የለም።"

ሲያለቅስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም አፉን በብርድ ልብሱ ይዞ ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ከታች አንዱ ተከራይ ምስሉ መምጣቱን ተናገረ።

ስወርድ የግቢዋ እናት መሰላሉ ሥር ቆመዋል። በእጄ የቀረችዋን ሁለተኛ ኮኔክተር ተቀብለው አገላበጧት። "ይሄን ጥቁሩን ለምን አለበሳችሁት?"

"እጅ ብረቱን እንዳይነካው ነው" አልኩ።

"ቢነካውስ?"

ጋሼን አየኋቸው። ጋሼ መሬት መሬቱን ያያሉ። መዋሸት አልቻልኩም። ቀስ ብዬ ነገርኳቸው፤ የሁሉም ቤት እንደሆነ፣ የአንድ ሰው እንዳልሆነ፣ እሱም እንዲያውቁት ያልፈለገው ለዚህ እንደሆነ። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። "እኔ እኮ 'መጣ፣ መጣ' እያልኩ ስጮህ ነበር" አሉ። "ሲጥለው እኔ ፊልሙን እያየሁ ነበር።"

"እናቴ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።"

"ጥፋት አላልኩም። እንዲያው ነው የምነግርሽ።" ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። በሳምንቱ ኤሌክትሪሺያን አስመጥተው ግቢውን በሙሉ መሬት አሳሠሩ። ዓርብ ሲመጡ ለባለቤቴ ስለዚህ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ እሱም አልጠየቃቸውም። ያን ዓርብ ግን ያመጡትን በላ።

ጥቂት ኮኔክተሮች ሠርቼ ጦር ኃይሎች አካባቢ ለዲሽ ሠራተኞች ዕቃ ወደሚያከፋፍል ነጋዴ ወሰድኩ። ጨዋ ሰው ነው። ገጥሞ ጎተታት፣ ፈታት፣ ወደዳት። "ግን እኔ ጋ አትሸጥም" አለኝ። "የገበያዋ በብዙ ትረክሳለች። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ቤቱ ውስጥ ለሚያየው ነገር ነው። ይቺ ጣሪያ ላይ ነው የምትቀመጠው፤ የሚነካት ደግሞ ከፋዩ አይደለም።" ለባለቤቴ ስነግረው፣ "እውነቱን ነው" አለ። "ለሚነኳት ስጪያት።" የሚያውቃቸውን ዲሽ ሠራተኞች እየደወለ ጠራቸው፤ እየመጡ ወሰዱ። ከኮንቴይነሩ ዘመን ጀምሮ የማያውቁት ያህል አልጋው አጠገብ ተሳቅቀው ይቆማሉ። እሱ እንዴት እንደምትገጠም ሲያሳያቸው ድምፁ የጤነኛ ሰው ነው።

ክረምቱ መሀል ላይ ትኩሳት ጀመረው። ቁስሉ አጥንት ደርሶ ነበር። ሆስፒታል ተኛ፤ መድኃኒቱ ተቀየረ፤ ለጥቂት ቀናት ተሻለው መሰለን። አንድ ጠዋት ፊቱን ላጥበው ውሃ ቀድቼ ስመለስ ነርሷ መጋረጃውን ስትስብ ደረስኩ። ውሃውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። የግቢዋ እናት ለቅሶ ቤት ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው አሳለፉ። ሰው ሲጠይቃቸው ዘመዱ ነኝ ይላሉ።

ወደ ማሽኑ ስመለስ ለብዙ ጊዜ ኮኔክተር አልሠራሁም። የበር ማጠፊያ፣ የወፍጮ ዘንግ፣ የመጣልኝን እሠራለሁ። ከዚያ ከዲሽ ሠራተኞቹ አንዱ፣ ባለቤቴን ለረጅም ጊዜ የሚያውቅ ጎልማሳ ሰው፣ ሌላ ዕቃ ሊያስቀርጽ መጣ። የመሣሪያ ቦርሳውን ሲከፍት የእኛን ኮኔክተሮች አየሁ። ናይሎናቸው በቢላ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ነሐሱ ባዶውን ነው።

"ምን ሆኑ?" አልኩት።

አፈረ፤ ግን አልዋሸኝም። "የብሎን ቁልፍ አያስገባም እኮ። በእጅ ማጥበቅ ጊዜ ይፈጃል። አንድ ቀን ላይ ብዙ ቤት ነው የምሠራው።"

"ሁሉንም ቆረጥካቸው?"

"አዎ። ግን ኬብሉን አትለቅም፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለሱ ነው የምጠቀምባት።"

"ይዞህ አያውቅም?"

"ይዞኛል" አለ። "ማንን ያልያዘው አለ።"

ሊቆጣ የሚገባው ሰው በሕይወት የለም፤ እኔ ደግሞ ቁጣው አልመጣልኝም። ስሠራት አላሰብኩበትም እንጂ የሰውዬው ነገር ገብቶኛል። ባለቤቴም ቢሆን በደህናው ጊዜ ሥራ ሲመሽበት ይቆርጣት ነበር፤ አውቀዋለሁ። ሰውዬው ያመጣውን ዕቃ ሠርቼ ሰጠሁትና ከተቆረጡት አንዷን አስቀረሁ።

አዲሷን ለመሥራት ብዙ ሳምንት ወሰደብኝ፤ አልጋ ላይ ሆኖ የሚጎትትልኝ ሰው የለም፤ የምጎትተው እኔው ነኝ። ነሐሱ ላይ ጎድጓዳ ቀለበት ቀርጬ ናይሎኑን አሙቄ አስገባሁበት፤ ሲቀዘቅዝ ጎድጓዳው ውስጥ ይነክሳል፤ በቢላ ቢቆረጥም ተሰባብሮ እንጂ ተነቅሎ አይወጣም። ውጪውንም ባለ ስድስት ጎን አደረግኩት፤ ቁልፉ ናይሎኑ ላይ እንዲያርፍ። ያን ሰው አስጠርቼ ሰጠሁት። እዚያው ቶርኖ ቤቱ ውስጥ በቁልፍ አጠበቃት፣ ፈታት፣ እንደገና አጠበቃት።

"ይቺን አልቆርጣትም" አለኝ።

ጣሪያ ላይ ተከትዬው ወጥቼ ማየት አልችልም። ይቆርጣት ይሆናል። ሌሎቹም እንዲሁ። ጋሼ የነሐሱን ዘንግ አንስተው፣ "ለሌሎቹም ልቁረጥልሽ ወይስ ይቆይ?" አሉኝ። ይቁረጡልኝ አልኳቸው፤ ማሽኑን አስነሳሁ።